ሦስት ጊዜ አርፈሃል

ኦክላንድ፣ ጥቅምት 1980 ዓ.ም.

ሽፍዬ፣

«እንደምን ሰነበትክ» አልልህም፤ መልስህ በየት በኩል እንደሚመጣ አላውቅምና። እኛ ደህና ነን። ከተለያየን ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነን። ይህንን የቆጠርኩት በጣቴ አይደለም፤ «ባላንጣዬ» እያልክ ትቀልድባት በነበረችው ሰማያዊ ደብተሬ ነው። አሁንም ሱቁን ዘግቼ ከመውጣቴ በፊት እጽፍባታለሁ፤ ማን መጣ፣ ምን ጠየቀ፣ ከጠየቀው ውስጥ የትኛው የለኝም፣ ሰማዩ እንዴት ዋለ። ያንተን ቀን ገልጠህ ብታይ ግን የምታገኘው «ሱቁ አልተከፈተም» የሚል ብቻ ነው። ሌላ ቃል የለበትም። ኋላ እመለስበታለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም በዚያ ባልጻፍኩት ቃል ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ወሬውን ልንገርህ። ካነሪው ተዘጋ። ስድስት በጋ ኮክና ፒር በቆርቆሮ ስታሽግበት የኖርክበት ፋብሪካ ባለፈው ዓርብ የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ። እንደ ሌላው ጊዜ የፍሬው ወቅት፣ ሲዝኑ፣ አልቆ አይደለም፤ ለሁልጊዜው ነው። ማሽኖቹን እየፈቱ በትልልቅ መኪና እየጫኑ ነው፤ ግማሹ ወደ ሌላ ስቴት፣ ግማሹ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል ይላሉ። ሰኞ ጠዋት ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ባለው ሱቄ እንደልማዴ የሻይ ውኃ ጥጄ ፊሽካውን ስጠብቅ ውኃው ተንተክትኮ አለቀ። ማንም አልመጣም። ሌላ ውኃ ሳልጥድ ማንቆርቆሪያውን አጥቤ ሰቀልኩት።

ሰፈሩን ብታየው መንገድ የተሳሳትክ ይመስልሃል። ከማዶ ያለው ጎማ ቤት በጣውላ ታሽጓል። ባንኩ ቅርንጫፉን ዘግቶ ሄዶ በቦታው የብረት ፍርግርግ ያለው ቼክ መመንዘሪያ ገብቷል። እኔ ሰፈር ሲለወጥ የማየው በመደርደሪያዬ እንደሆነ ታውቃለህ። ሰው ሥራ ሲኖረው ጓንት፣ ወፍራም ካልሲና ሳንድዊች ይገዛል፤ ሥራ ሲያጣ ሲጋራ በፍሬና ሎተሪ። ጓንቱን ከፊት አንስቼ ወደ ኋላ የወሰድኩት ሐምሌ ላይ ነው። ትክክለኛ ሥራ ነው፤ የማይሸጥ ዕቃ ፊት ለፊት አይቀመጥም። ግን ያን መደርደሪያ ጓንት እንዲመጥን ብለህ በስንዝር እየለካህ የሠራኸው አንተ ነህና፣ የሎተሪው ሣጥን አልገጥም ብሎት እስከ ዛሬ ወደ አንድ ጎን እንዳዘመመ ነው። አላቃናሁትም።

አርባ ማይል ወረድ ብሎ ሳን ሆዜ ግን ሌላ አገር ነው። መንገዱ ያው፣ ሰማዩ ያው። እዚህ የፋብሪካዎቹ ፓርኪንግ ሣር አብቅሏል፤ እዚያ መኪና ማቆሚያ ለማግኘት ሰው በጠዋት ይሽቀዳደማል። እዚህ «ፎር ሴል» የሚለው ምልክት ከመቆየቱ የተነሣ ቀለሙ ለቋል፤ እዚያ ምልክቱ ሳይተከል ቤቱ ያልቃል።

ያንን እሑድ ታስታውሰዋለህ? ከቅዳሴ መልስ መኪናዋን ወደ ደቡብ አዙረህ «ፍሬው የሚመጣበትን አገር ላሳይሽ» ያልከኝን? በካነሪው የቆዩ የእንጨት ሣጥኖች ላይ የሳን ሆዜን ስም ስታነብ ከርመህ፣ መንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ ብቻ ይመስልህ ነበር። ስንደርስ ዛፎቹ ተነቅለው ሥሮቻቸው ወደ ሰማይ ተገልብጠው ተከምረዋል። ከጎናቸው መስተዋት የለበሰ ዝቅ ያለ ሕንፃ፣ ዙሪያውን የተስተካከለ ሣር። አንተ እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ ብዙ ቆምክና «ጭስ የለው፣ ፊሽካ የለው፣ ሽታ የለው፤ ምን እንደሚሠራበት በምን ይታወቃል?» አልክ። እኔም «መኪኖቹን ቁጠር» አልኩህ። «ነጋዴ!» ብለህ ሳቅክ። ከዚያ ዳር ላይ የተረፉ ጥቂት ዛፎች አይተህ፣ የቤተ ክርስቲያን ልብስህን እንደለበስክ ሽቦ ተሻግረህ፣ ከኮክ ያነሰች ቢጫ ፍሬ በኪስህ ሞልተህ መጣህ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን በላን። ጭማቂው ሸሚዝህ ላይ ፈሰሰ። በሎሚም በጨውም ሞከርኩ፤ አልለቀቀም። ልብሶችህን ሁሉ ለሚለብሳቸው ሰጥቻለሁ። ያቺን ሸሚዝ ግን ማን ይለብሳታል ብዬ አስቀርቻታለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት።

ልጃችን ሰብሊ ከነዚያ ጭስ አልባ ቤቶች በአንዱ ገብታለች። ቀን ትሠራለች፣ ማታ ኮሌጅ ትማራለች። ለሥራ ከእግር እስከ ራሷ ነጭ ይለብሳሉ፤ ከዓይን በቀር የሚታይ የለም። ፎቶውን ስታሳየኝ ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ግንዝ መሰለኝ። «ማም፣ ኢትስ ጀስት ፎር ዘ ደስት!» አለችኝ። ከአቧራ የሚጠበቀው ደግሞ እሷ አይደለችም፣ የምትገጣጥመው ዕቃ ነው። አንተ ከሥራ ስትመጣ ገና ደረጃው ላይ ሳለህ በጠረንህ አውቅህ ነበር፤ የስኳር ውኃና እንፋሎት። እሷ ግን ምንም ሳትሸት ትሄዳለች፣ ምንም ሳትሸት ትመለሳለች። የአለቃዋን ስም አታውቀውም። አንድ ቀን «ሥራ ሲቀንስ በተራ ነው የሚጠሯችሁ? ሊስት አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ዋት ሊስት?» አለችኝ። ሰው ሲወጣ ስሙም አብሮት ይወጣል ማለት ነው።

የኛን ሊስት ታስታውሳለህ፤ በሩ ላይ በመስተዋት ውስጥ የሚለጠፈውን። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይጠራል፣ ኋላ የገባ ቀድሞ ይወጣል። አንተ ስምህን በጣትህ ነክተህ ሳታልፍ አትገባም ነበር። ፎርማኑ ኤርል «ሽፈራው» ማለት አቅቶት «ሺፍት» ቢልህም፣ ሊስቱ ላይ ግን ሙሉ ስምህ ከነአባትህ ነበር። ከሥርህ የንጉሤ ስም። በአንድ ቀን ልዩነት ስለተቀጠራችሁ ብቻ ስድስት ዓመት ሙሉ አንተ ስትገባ በማግሥቱ ይገባል፣ አንተ ልትወጣ ዋዜማውን ይወጣል።

ወደ ቃሉ ልመለስ።

የመጀመሪያው ሲዝን አልቆ ወረቀት የሰጡህ ዕለት «ሌይኦፍ» ምን እንደሆነ ማናችንም አናውቅም ነበር። ወረቀቱን እንደ ዲፕሎማ በሁለት እጅህ ይዘህ ገባህና «ዕረፍት ሰጡን!» አልከኝ። እስኪጠሩን እናርፋለን፣ ሲጠሩን እንገባለን፤ ታዲያ ዕረፍት ካልሆነ ምንድን ነው? ከዚያ ቀን ወዲህ በካነሪው ያለ ሐበሻ ሁሉ በዚህ ቃል ተግባባ። «አርፈሃል?» «አዎ፣ ትናንት አረፍኩ።» ንጉሤ ግን ልጅ ነው፣ ያከብርሃል፤ «አረፈ» ማለት ከበደው። ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑን ወንበሮች ለማጓጓዝ ሰው ይፈለግ ነበርና፣ አንተ ሥራ እንደማትገባ፣ ልታግዝ እንደምትችል ሊነግርልህ ከመንገድ ስልክ ለኮሚቴው ደወለ። «ጋሼ ሽፈራው ዛሬ ጠዋት አርፈዋል፣ ስለዚህ…» እንዳለ ሳንቲሙ አለቀበት።

«አረፈ» ብሎ ቢሆን መልሰው ይጠይቁት ነበር። «ጋሼ» እና «አርፈዋል» ሲገናኙ ግን ማን ይጠይቃል? እኔ ሱቅ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስመለስ ደረጃው ላይ ጥቁር የለበሰ ሰው ተሰልፏል፤ ከሳን ሊያንድሮ ሁለት መኪና ሙሉ መጥቷል። በሩን የከፈትክላቸው ራስህ ነህ፤ ፎጣ አንገትህ ላይ፣ የጢም ሳሙና ጉንጭህ ላይ። አንዲት ወይዘሮ ደረጃው ሥር ሆና ጀምራ ስለነበር ማቆም አቃታት፤ አንተን እያየች አንተን አለቀሰች። ውኃ ሰጥተህ «በቃ፣ ጠንከር በይ፣ ለሁላችንም የማይቀር ነው» እያልክ በገዛ ሞትህ ያጽናናሃት አንተ ነህ። የመጣውንም ንፍሮ ቀመስክና «ጨው አንሶታል» አልክ። ንጉሤ ኩሽና ገብቶ አልወጣም አለ። «ና ውጣ! እንኳን ገደልከኝ፣ ወዳጄን አወቅኩ» ብለህ አስወጣኸው። ያ ቀን ለዓመታት መሳቂያችን ሆነ። የመጀመሪያ ዕረፍትህ ያ ነው።

ሁለተኛውን አንተም ታውቀዋለህ፣ ወይም አታውቀውም። የካቲት ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ጫማህን ስታስር ነበር። የቀኙን አስረሃል። የግራውን እኔ ነኝ ኋላ የፈታሁት፤ አልታሰረም ነበርና መፍታት አይባልም፣ አወለቅኩት።

አምቡላንስ ጠራሁ፣ ወረቀት ፈረምኩ፣ ለሰብሊ ትምህርት ቤት አስደወልኩ። ከሆስፒታሉ ኮሪደር ደግሞ ንጉሤ ጋ ደወልኩና «ንጉሤ፣ ጋሼህ አረፉ» አልኩት። ሳቀ። «እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ! ሁላችንም ካረፍን ሦስት ወራችን አይደል!»

«ከሆስፒታል ነው የምደውልልህ» አልኩት። እስከ ዛሬ ያን ሳቁን ይቅር በሉኝ እያለ ይለምነኛል፤ አልተቀየምኩትም። እውነቱን ልንገርህ፤ በሳቀባት በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ትክክል የሆነው እሱ ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ደግሞ ሰኔ ሲመጣ ይጠሩሃል።

ሰኔ ሲመጣም ጠሩህ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ያለውን ጉዳይ ሁሉ በሁለት ሳምንት ጨርሻለሁ፤ ነገር ማሳደር አልወድም። የመኪናው ወረቀት፣ የስልኩ፣ የባንኩ። ካነሪው ግን በክረምት ዝግ ስለሆነ የሚነገረውም የሚጠይቅም ሰው አልነበረም። በሰኔ መጨረሻ ደብዳቤያቸው መጣ፤ ስምህ ከነአባትህ። የመጨረሻው ሲዝን ነው፣ ከዚህ በኋላ ፋብሪካው ይዘጋል፣ በአምስት ቀን ውስጥ ቀርበህ ካላሳወቅክ ተራው ለሚቀጥለው ሰው ይተላለፋል ይላል። ቆሜ ጀመርኩት፤ ተቀምጬ ጨረስኩት። ከየካቲት ወዲህ የመጣው ፖስታ ሁሉ ወይ ሐዘን መግለጫ ነበር፣ ወይ ፋይል መዝጊያ። አንተን ለሥራ የፈለገ ደብዳቤ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በአምስተኛው ቀን ወደ ቢሮው ሄድኩ። የኔ እንግሊዝኛ የገበያ እንግሊዝኛ ነው፤ «ሁለቱ በዶላር»፣ «መመለስ አይቻልም»። ቢሆንም «ዳይድ» የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ በመንገድ ላይ እየደጋገምኩት ነበር የሄድኩት። መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጅቷ ቀና ብላ ሳቅ አለችና ስምህን ለማንበብ ታገለች። ሦስቴ ተሳስታ በአራተኛው አገኘችው። ስምህን እንደዚያ ለፍታ ስታገኘው አፌ ያን ቃል እምቢ አለ። ስለ ባሏ «ሞተ» ያለች ሴት በኛ ዘንድ አለች? «አረፈ» ነው የምንለው። የወጣውም እሱ ነው፣ በእንግሊዝኛ፦ «ሂ ኢዝ ረስቲንግ።»

«ኦህ፣ ኦኬ» አለች። «የሐኪም ፈቃድ ነው? ሜዲካል ሊቭ?»

እዚህ ላይ፣ ሽፌ፣ ልዋሽህ አልችልም። የመጀመሪያው ስሕተት የቋንቋ ነበር። ሁለተኛው ግን አልነበረም። «ሊቭ» የሚለውን ቃል ሰምቼዋለሁ። ለደንበኛ አምስት ሳንቲም አጉድዬ ሰጥቼ የማላውቅ ሴት በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ስምህን ቢጫ ካርድ ላይ ጻፈችና ግድግዳው ላይ ካሉት ኪሶች በአንዱ ሰካችው። «በደንብ ይረፍ፣ ሲሻለው ይደውልልን» አለችኝ። ወደ ሱቅ ተመለስኩና ለመጀመሪያው ደንበኛ መልስ ሰጥቼ ሻይ ቀዳሁ። ሦስተኛው ዕረፍትህ ይህ ነው። ሦስተኛው የኔ ሥራ ነው።

ሐምሌ ገባ፣ ኮኩ መጣ፣ ፊሽካው ተነፋ። ንጉሤ በየጠዋቱ የሥራ ልብሱን ለብሶ ሱቅ ይመጣና፣ ሻዩን ይዞ በመስኮት በሩን ያያል። «ዛሬም አልጠሩኝም፣ እትዬ። ያው ነገ ነው።» ተጠርቶ ተጠርቶ ሊስቱ እሱ አፍንጫ ሥር ቆሟል። ሚስቱ ዘውዲቱ አርግዛለች፤ በኅዳር ትወልዳለች። ሲዝኑ ሲዘጋ በሥራ ላይ የተገኘ ሰው ብቻ ነው የሕክምና ኢንሹራንሱ ክረምቱን የሚዘልቅለት። ይህን ሁሉ የነገረኝ ለወሬ ያህል ነው፤ ምንም አልጠየቀኝም። እኔ ደግሞ እንደምታውቀኝ ከሰው ቀድሜ ነገር አገናኛለሁ። ይህንን ግን አላገናኘሁም። አላገናኝም ብዬ ነው ያላገናኘሁት።

ያገናኘልኝ ኤርል ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ለሲጋራ ገባ። እንደ ድሮው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመና «ለሺፍት ንገሪው፣ ተኝቶ በቃው! ቦታውን ይዤለት ነው ያለሁት» አለኝ። ከሉዊዚያና የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። «ከሌበር ዴይ በዓል በኋላ አዲስ ሰው አይጠሩም። እኔም ከሱ ጋ ነው የመጨረሻዋን ቆርቆሮ ማየት የምፈልገው።» ከሱ ቀጥሎ ያለው ማን ነው አልኩት። እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት። በአገጩ ወደ መስኮቱ አመለከተኝ። ንጉሤ ጀርባውን ሰጥቶን በሩን ያያል።

ከዚያ በኋላ እንኳ ሦስት ቀን ቆየሁ። ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ። ያ ቢጫ ካርድ ግድግዳው ላይ እስካለ ድረስ አንተን የሚጠብቅ አንድ ቦታ አለ። ሰዓትህ አለ፣ ማሽንህ አለ፣ «የት ቀረ?» የሚል ፎርማን አለ። በቤታችን አልጋው ጠብቷል፣ ወንበርህ ላይ የሰብሊ መጻሕፍት ተከምረዋል፤ እዚያ ግን ቦታህን የያዘ ሰው የለም። ጠዋት ፊሽካው ሲነፋ ከገቡት አንዱ አንተ ትሆናለህ ብዬ ለአፍታ ቀና እል ነበር። ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ። ገበያ ላይ ብዙ ሞኝ አይቻለሁ፤ ይህን ያህል በሰው ተራ ላይ የቆመ ግን አላየሁም።

በአራተኛው ቀን «እመለሳለሁ» የሚለውን ካርቶን በሩ ላይ ሰቅዬ ሄድኩ። ያቺው ልጅ ነች። «ሃው ኢዝ ሂ?» አለችኝ ገና ሳልደርስ። ቆምኩና በገበያ እንግሊዝኛዬ አንድ በአንድ አልኳት፤ ባሌ ሞቷል፤ በየካቲት ሞተ፤ ካርዱን አውጪው። ልጅቷ ቀይ ሆነች። «ግን እያረፈ ነው ብለሽኝ ነበር» አለች። «ብዬ ነበር» አልኳት። እንዴት አድርጌ ላስረዳት እችላለሁ? ካርዱን ከኪሱ መዘዘችና ልትቀደው ስትል እጄን ዘረጋሁ። ሰጠችኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ንጉሤን ኮል ያደረጉት በኔ ሱቅ ስልክ ነው፤ የቤቱ ከተቆረጠ ቆይቷል። መነጋገሪያውን አቀበልኩት። «የስ ሰር፣ የስ ሰር» እያለ ቆሞ ሰማ፤ ዘጋና ወደኔ ዞረ። ልጅ ቢሆንም ሞኝ አይደለም።

«እትዬ፣ ይሄ ቦታ የጋሼ ነው?»

«ነው» አልኩት። «ያቆየሁብህም እኔ ነኝ።»

ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጣ ደስ ይለኝ ነበር። ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ «እኔም ብሆን አላስወጣቸውም ነበር» አለኝ። ከኋላው መደርደሪያ ጓንት አምጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩ፤ ያንተ ልክ ሰፋ አለው እንጂ ሆነው። «በል ሂድ፣ እንዳታረፍድ» አልኩት። ሲወጣ በሩን ይዞ ዞር አለና «እትዬ፣ ሲዝኑ ሲያልቅ ግን ለማንም አረፍኩ አልልም፤ ምያለሁ!» አለኝ። ከየካቲት ወዲህ ድምፅ አውጥቼ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው። እየሳቅኩም አለቀስኩ፤ ሱቁ ባዶ ስለነበር ማንም አላየኝም።

ማታውን ደብተሬን ገለጥኩና ወደ የካቲት ተመለስኩ። «ሱቁ አልተከፈተም» ከሚለው ሥር «ሽፈራው ሞተ» ብዬ ጻፍኩ። ቀለሙ ከላይኛው ይለያል።

ባለፈው ዓርብ ፋብሪካው ሲዘጋ ንጉሤ እስከ ፊሽካው ቆሞ ወጣ። ኢንሹራንሱ እስከ ጥር ይቆያል፤ ኅዳር ላይ ያለ ሥጋት ትወልዳለች። ኤርል ወደ ሉዊዚያና ሊመለስ ነው። ስለ አንተ የነገርኩት እኔው ነኝ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ከሱቁ ፊት እስኪመሽበት ቆመ።

እኔም እሄዳለሁ። ጓንት የማይገዛበት ሰፈር ውስጥ ጓንት ሻጭ ሆኜ መቆየት አልችልም፤ አንተም ብትሆን «መኪኖቹን ቁጠሪ» ትለኝ ነበር። ሰብሊ በምትሠራበት አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቻለሁ። አልተታለልኩም፤ ሦስት ቀን መኪና ውስጥ ተቀምጬ የመሥሪያ ቤቷን በር አጥንቻለሁ። ባለ ክራቫቶቹ ምሳቸውን ውስጥ ነው የሚበሉት፤ እነሱ የኔ ደንበኛ አይሆኑም። ከኋላ በር የሚወጡ አሉ፤ ገጣጣሚዎቹ ሴቶች፣ ጽዳቶቹ፣ ሣር አጫጆቹ። መስተዋት ለብሶ ከሩቅ የሚያብረቀርቀው ሕንፃም እንደ ካነሪው የኋላ በር አለው። ሻይ የሚፈልጉት እዚያ ናቸው። ሊስት የላቸውም፤ ሲወጡ ማንም አይጠራቸውም። ስማቸውን ግን እኔ እይዛለሁ፤ ነጋዴ ነኝ፣ የደንበኛ ስም አልረሳም።

ሰብሊ ሱቁን ምን ብለን እንጥራው ብላ አንድ ገጽ ሙሉ ስም ጽፋ አመጣች። አልተቀበልኩም። «ሺፍት» አልኳት። እንደለመደችው በእንግሊዝኛ ልትመልስልኝ አፏን ከፈተችና ቆመች። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «የአባዬ ስም» አለች። ጽሑፉን የሚጽፈው ሰው «ዴይ ሺፍት ነው ናይት ሺፍት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሁለቱም» አልኩት። ለንግድ ጥሩ ስም ነው አለ። እኔም አውቄዋለሁ።

መደርደሪያህን ዛሬ ነቀልኩት። ከግድግዳው ሲለይ ከጀርባው በእርሳስ የጻፍካቸው የልክ ቁጥሮች ነበሩ፤ አላጠፋኋቸውም። እዚያ ያሉት ሴቶች የሚያደርጉት ጓንት ስስ ነጭ ነው፤ ሣጥኑን ለካሁት፣ ልክክ ይላል። ፊት ለፊት እሰቅለዋለሁ። ቢጫው ካርድ ከጀርባው፣ ከእርሳስ ጽሑፍህ ጋር፣ ለኔ ብቻ።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው፣ ሽፍዬ። ከነሱ ሊስት በገዛ አፌ አስወጥቼሃለሁ። ከኅዳር ጀምሮ ግን የማያውቁህ ሰዎች በየቀኑ «ሺፍት ጋ ደርሼ ልምጣ» ይላሉ፣ «ሺፍት ተከፍቷል?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔም በጠሩህ ቁጥር ቀና እላለሁ።

ሚስትህ
ጥሩነሽ